ስለ ሩዝ ገለፈት አመድና ስለ ሲሚንቶ በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር

(በስብሰባው ላይ ላልተገኙት አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የተለጠፈ)




 የዛሬው ስብሰባ የተጠራው ስለ ወርኃዊ መዋጮ ለመነጋገር አይደለም። ስለ አመድ ለመነጋገር ነው። ይህን ስንል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን እያየን ነው። «የእሳት ልጅ አመድ» እያልን ያደግን ሰዎች ስለ አመድ ስብሰባ ሲጠራ ቢያስቅ አይፈረድም። ነገር ግን ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የደረሰውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለሆነም ነገሩን ከሥሩ አንሥተን፣ ጥፋቱንም ጥቅሙንም ለይተን፣ በመጨረሻ አንድ ውሳኔ ላይ እንድንደርስ እንፈልጋለን።

በመጀመሪያ ጥፋቱን እናስቀድም።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ዓመት በማኅበራችን ግቢ ያለውን የጋራ መፀዳጃ ቤት ስናሠራ ገንዘባችን አልበቃም። ሲሚንቶ ተወዶ ነበር። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ ከገበያ ሲጠፋና ሲወደድ ያየነውን ችግር አልረሳንምና፣ ያለችውን ለማብቃቃት ስንል «ገለፈት እንደሆነ በየወፍጮ ቤቱ ደጅ ተከምሮ ይቃጠላል፤ አመዱ ከሲሚንቶ ጋር ይቀላቀላል ሲባል ሰምተናል፤ ለምን አንሞክረውም?» አልን። ከዚያም ከመንገድ ዳር ከተቃጠለው ክምር ጥቁሩንም ነጩንም አመድ በጆንያ አስመጣን። እሱ ሲያንስ ደግሞ ከየቤቱ የምድጃ አመድ ሰበሰብን። በሁለት ቆርቆሮ ሲሚንቶ አንድ ቆርቆሮ አመድ አድርገን የጉድጓዱን ክዳን አስሞላን።

ክዳኑ ሲደርቅ ደኅና ይመስል ነበር። ሐምሌ ሲገባ ግን ፊቱ እንደ ዱቄት መርገፍ ጀመረ። ነሐሴ ላይ ተሰነጠቀ። አንዲት እናታችን ማታ ሲወጡ ጠርዙ ከእግራቸው ሥር ተነደለና እስከ ጉልበታቸው ገቡ። እግዚአብሔር ጠብቋቸው ሙሉ ክዳኑ አልወደቀም። እግራቸው ተጎድቶ ሦስት ሳምንት ተኝተዋል። ዛሬ በመካከላችን ተገኝተዋል፤ ከዚህ ሆነን እንደገና ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።

ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ብዙ ወሬ ተወራ። ጥፋቱ በግንበኛው ላይ ተደፋ። «ሲሚንቶውን ሸጦት ነው» ያለም አልጠፋ። ይህን በተመለከተ ኮሚቴው እውነቱን በጽሑፍ መናገር አለበት። ግንበኛው ያን ቀን አመዱን በእጁ አሽቶ «ይሄ አይይዝም፣ ብትተዉት ይሻላል» ብሎን ነበር። እኛ ነን «ግድየለህም፣ አድርገው» ያልነው። ሲሚንቶውን ቆጥረን ያስረከብነውም፣ ሲቀላቀል ቆመን ያየነውም እኛው ነን። አንድ ኪሎ አልጎደለም። ስለዚህ ጥፋቱ የኮሚቴው እንጂ የእሱ አይደለም። ይህ ሰው በእኛ ጥፋት ሁለት ሥራ እንደቀረበት ሰምተናል። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው ስሙን በዚህ ነገር እንዳያነሣ እናሳስባለን።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ከአደጋው በኋላ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን «አመድ አመድ ነው፣ ሁለተኛ እንዳይነሣ» ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ «በሌላ አገር ይሠራበታል፣ እኛ ስላላወቅንበት ነው» ይላሉ። ኮሚቴው ሁለቱንም ሰማ። ከዚያ የተማሩትን ጠየቅን፣ ያነበቡትን አስነበብን፣ እኛም በእጃችን ሞከርን። ያገኘነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ሲሚንቶ ምንድን ነው?

ሲሚንቶ የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር አንድ ላይ ተፈጭተው፣ ወደ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥለው፣ እንደገና ተፈጭተው የሚገኝ ዱቄት ነው። ዛሬ የምንጠቀምበትን ፖርትላንድ የሚባለውን ሲሚንቶ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1824 ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ግንበኛ በስሙ አስመዘገበው። ይህን ያህል ሙቀት ለማግኘት ብዙ ነዳጅ ይነድዳል፤ ሲሚንቶ የሚወደድበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በዚያ ላይ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ጢስ ያወጣል። በዓለም ላይ ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 7 ወይም 8 እጅ ያህሉ ከሲሚንቶ ሥራ የሚወጣ ነው። ሌላው አገር አመድ የሚፈልገው በድህነት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛው አሸዋና ጠጠሩን አጣብቆ የሚይዘው ጠንካራ ሙጫ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ትርፍ ኖራ ነው። ይህ ኖራ በኮንክሪቱ ውስጥ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ነው እንበል። አይጠቅምም፣ ውሃ ሲመላለስበትም ቀስ እያለ ታጥቦ ይወጣል። እንግዲህ የአመዱ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ሲሊካ የሚባለው ነገር በደንብ ደቆ፣ በትክክለኛው ዓይነት ከተገኘ፣ ያንን ሥራ ፈት ኖራ ይይዘውና ሁለቱ ተዋሕደው ተጨማሪ ሙጫ ይሆናሉ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የጥንት ሮማውያን በኢጣልያ ፖዙኦሊ ከሚባል ቦታ ያገኙትን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር እያቀላቀሉ ወደብና ቤተ መቅደስ ሠርተውበታል። «ፖዞላና» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ወደ እኛም ስንመጣ የጎንደር ግንቦች ከ300 ዓመት በላይ የቆሙት በኖራ ተጣብቀው ነው፤ ያኔ ፖርትላንድ ሲሚንቶ በዓለም ላይ አልነበረም። ዛሬም ከሱቅ የምንገዛው ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ «ፒ» የምትለዋ ሁለተኛዋ ፊደል ፖዞላና ማለት ናት። ፋብሪካው ራሱ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ድንጋይ ፈጭቶ ይጨምርበታል። ስለዚህ «ከሲሚንቶ ጋር ሌላ ነገር ማቀላቀል ማጭበርበር ነው» የሚለው አነጋገር በደፈናው ትክክል አይደለም። ማጭበርበር የሚሆነው ሳያውቁ ሲቀላቅሉት ወይም ለገዢው ሳይነግሩ ሲሸጡት ነው።

የእኛ ገለፈት ከየት መጣ?

በፎገራ ሩዝ መዘራት የተጀመረው በ1970ዎቹ ነው። የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች መጥተው በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት እንዳስጀመሩት አባቶቻችን ያስታውሳሉ። ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ለሌላ እህል አልመች ሲል ለሩዝ ተመቸ። ዛሬ ወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያ የሌለበት አቅጣጫ የለም። ሩዙ ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ፉርሽካው ለከብት ይሆናል፣ ጭዱን ከብቱ ይበላዋል። ገለፈቱ ግን ይቀራል። ከብት አይወደውም፣ ቶሎ አይበሰብስም። በየመንገዱ ዳር ይከመራል፣ ነፋስ ይበትነዋል፣ ጎርፍ ወደ ቦይ ያስገባዋል፣ ቦዩም ይደፈናል። በመጨረሻ አንዱ እሳት ይለቅበታል፤ ሳምንት ሙሉ ሲጤስ ይሰነብታል። በዚያ ሰሞን ልጆቻችን እንዴት እንደሚያስሉ መናገር አያስፈልገንም።

ይህ ገለፈት ከብት የማይበላው፣ ቶሎም የማይበሰብሰው፣ ከውስጡ ሲሊካ ስላለበት ነው። የሩዙ ተክል ከአፈሩ ውሃ ጋር ሲሊካ እየሳበ ገለፈቱ ላይ ያከማቸዋል። በእጃችን ስንፈትገው የሚያሻክረን እሱ ነው። ሂሳቡም እንዲህ ነው፤ ከ100 ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ 20 ኪሎ ያህል ገለፈት ይወጣል። 20 ኪሎ ገለፈት በደንብ ሲቃጠል 4 ኪሎ ያህል አመድ ይሰጣል። ከዚያ አመድ ውስጥ ከመቶ 85 እስከ 95 እጁ ሲሊካ ነው። ሌላ ይህን ያህል ሲሊካ ያለው የእርሻ ትርፍ ማግኘት ያስቸግራል።

በአገራችንም ሌላ ምሳሌ አለ። ወንጂ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ሲያመርት የኖረ ቦታ ነው። አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ባጋስ ለማሞቂያው ማገዶ ሆኖ ይቃጠልና አመዱ ይጣል ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ አመድ ላይ በተደረገ ጥናት ከሲሚንቶው ከመቶ 10 እጁ በአመድ ቢተካ የኮንክሪቱ ጥንካሬ እንደማይጎዳ ታይቷል። ከዚያ በላይ ሲበዛ ግን ጥንካሬው ይቀንሳል። እኛ ያደረግነውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። አንድ ሦስተኛ ነው የጨመርነው፣ ያውም ያልሆነውን አመድ።

ታዲያ የእኛ ለምን ፈረሰ?

ምክንያቱ አንድ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም።

አንደኛ፣ የምድጃ አመድ የሩዝ ገለፈት አመድ አይደለም። የባሕር ዛፍና የኩበት አመድ ሲሊካው ጥቂት ነው። የእንጨት አመድ በብዛት ያለበት ካልሲየምና ፖታሽ ነው፤ ፖታሹ በውሃ ይሟሟል። እናቶቻችን ድስት የሚፈትጉበት፣ ውሃው በእጅ ላይ የሚያሙለጨልጨው በዚሁ ምክንያት ነው። ድስት የሚያጥብ ነገር ክዳን አይሸከምም። የቡና ገለፈት አመድም እንደዚሁ ፖታሽ የሚበዛበት ስለሆነ፣ «ገለፈት» የሚል ስም ስላለው ብቻ ከሩዙ ጋር አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የመንገድ ዳሩ ክምር አቃጠሉ ልክ አልነበረም። ገለፈት ከ500 እስከ 700 ዲግሪ ባለው ሙቀት ቀስ ብሎ ሲቃጠል ሲሊካው ከኖራ ጋር ለመዋሐድ ዝግጁ ሆኖ ይቀራል። እሳቱ ከዚያ በጣም ሲበረታና ሲቆይ ግን ሲሊካው ተለውጦ እንደ አሸዋ ይሆናል። አሸዋም ሲሊካ አለበት፤ ነገር ግን አሸዋ ኖራን አይዝም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል እንጂ። ክምሩ መሐል ደግሞ አየር ስላልገባ ከሰል ሆኖ ጠቁሯል። ከሰል ውሃ ይጠጣል እንጂ አይጣበቅም። ስለዚህ ከአንድ ክምር ውስጥ ከላይ የበዛበት፣ ከመሐል ያነሰው፣ ሁለቱንም ነው በአንድ ጆንያ ያጨቅነው።

ሦስተኛ፣ አላደቀቅነውም። አመዱ እንደ ሲሚንቶ ካልደቀቀ ኖራውን ሊያገኘው አይችልም።

አራተኛ፣ በቆርቆሮ ለካን እንጂ አልመዘንንም። አመድ ቀላል ነው፤ አንድ ቆርቆሮ አመድና አንድ ቆርቆሮ ሲሚንቶ ክብደታቸው በጭራሽ አይገናኝም። በዚያ ላይ አመድ ውሃ ይጠጣል። ድብልቁ አልላላ ሲል ውሃ ጨመርንበት፣ እንደገናም ጨመርንበት። ውሃ የበዛበት ኮንክሪት ሲደርቅ ውስጡ ቀዳዳ ብቻ ነው። ይህ ብቻውን አመድ ባይኖርም እንኳ ያፈርሰው ነበር።

አምስተኛ፣ የገዛነው ሲሚንቶ ፒፒሲ ነበር። ቀደም ብለን እንደገለጽነው በእሱ ውስጥ ፋብሪካው ፖዞላና አስገብቶበታል። ትርፉን ኖራ የሚይዝ ነገር አስቀድሞ አለበት ማለት ነው። በዚያ ላይ እኛ ሌላ ስንጨምር ሲሚንቶውን አሳሳነው እንጂ አላጠነከርነውም። አመድ የሚሞከረው ከኦፒሲ ጋር ነው። የትኛው እንደሆነ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ የማይችል ልጁን ያስነብብ።

ስድስተኛ፣ ውሃ ያጠጣነው ሁለት ቀን ብቻ ነው። የአመድ ሥራ ዝግተኛ ነው። ኖራው መጀመሪያ ከሲሚንቶው መውጣት አለበት፣ ከዚያ ነው አመዱ የሚይዘው። ለዚህ ሁሉ እርጥበት ያስፈልጋል።

እኛ የሞከርነው

ወጣቶቻችን አንድ አሮጌ በርሚል ዙሪያውን በስተው ከመኖሪያ ቤት ርቆ ከእርሻው ጫፍ አቆሙት። ገለፈቱን ሞልተው ከታች ለኮሱት። ነበልባል እንዳይወጣው እየጠበቁ ቀስ ብሎ እንዲነድድ አደረጉ፤ ፍሙ ደብዛዛ ቀይ ሆኖ እንዲቆይ ነው፣ ወደ ብጫ ካበራ በዝቷል ማለት ነው። ሳይነካካ ሁለት ቀን ቀዘቀዘ። የወጣው አመድ ግራጫ፣ ወደ ነጭ የሚያደላ ነበር። በሙቀጫ ወቅጠን በቀጭን ወንፊት ነፋነው።

እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያ አለን። አንደኛ፣ «የእህል ወፍጮ ላይ እናስፈጨው» ያሉ ነበሩ። ፈጽሞ አይሆንም። ዱቄታችን የሚወጣበት ድንጋይ ላይ ይህ ነገር መግባት የለበትም። ሙቀጫውም ለዚህ ብቻ የተመደበ ነው፤ ወደ ማድ ቤት አይመለስም። ሁለተኛ፣ የሲሊካ አቧራ ሳንባ ይጎዳል፤ በተለይ ሙቀቱ የበዛበት አመድ የባሰ ነው። የሚወቅጥም የሚነፋም ሰው አፍና አፍንጫውን በደንብ ይሸፍን፤ አመዱ በጥቂቱ ውሃ ይረጭበት፤ ሕፃናትም አይቅረቡ።

ከዚያ ሦስት ዓይነት ቂጣ ሠራን። የምድጃ አመድ ከኖራ ጋር፣ የመንገድ ዳሩ ክምር አመድ ከኖራ ጋር፣ የበርሚሉ አመድ ከኖራ ጋር። ሲሚንቶ አልገባባቸውም። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ከጥላ ሥር ሁለት ሳምንት አቆየናቸው። ከዚያ በአንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ አስገባናቸው። የምድጃው ሳያድር ፈረሰ። የክምሩ ጠርዝ ጠርዙ ረግፎ በጣት ሲጫኑት ተናደ። የበርሚሉ ግን ሳምንት ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ጥፍር አልገባበትም። ባልዲው እዚህ ፊት ለፊታችን ነው፤ ከስብሰባው በኋላ እየመጣችሁ በእጃችሁ ንኩት። ማንም ሰው የእኛን ቃል እንዲያምን አንፈልግም፤ ባለፈው ዓመት አምናችሁን የሆነውን አይታችኋልና።

ከዚያም በኦፒሲ ሲሚንቶ ትናንሽ ድፍን ብሎኮች ሠራን። እኩሌቶቹ ያለ አመድ፣ እኩሌቶቹ ከሲሚንቶው ክብደት ከመቶ 10 እጁን በበርሚሉ አመድ ተክተን። በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድመን ሸክም ጫንንባቸው። በሰባተኛው ቀን አመድ የገባበት ቀድሞ ተሰበረ። ግንበኛው «አላልኳችሁም?» አለ። በ28ኛው ቀን ግን፣ በየቀኑ ውሃ እያጠጣን ከቆየን በኋላ፣ ሁለቱን መለየት አልቻልንም። ግንበኛውም ራሱን ነቅንቆ «እንግዲህ የትዕግሥት ነገር ነው» አለ። ይህ የሰፈር ሙከራ ነው እንጂ የላቦራቶሪ ማስረጃ አይደለም። ጥቂት ብሎክ አይተን ቤት አንሠራም።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው?

አንዳንድ ሰው ሲሚንቶ መግዛት የሚቀር መስሎታል። አይደለም። ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ላይ 10 እጅ ማለት 5 ኪሎ ነው። ከ10 ከረጢት 1 ከረጢት ይተርፋል ማለት ነው። በዚህ ዓመት ልንሠራው ላሰብነው የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ 40 ከረጢት ቢያስፈልገን 4 ከረጢት፣ ማለትም 200 ኪሎ፣ ይተርፈናል። ለዚህ 200 ኪሎ አመድ ያስፈልጋል። 200 ኪሎ አመድ ከ10 ኩንታል ገለፈት ይወጣል። 10 ኩንታል ገለፈት ደግሞ ከ50 ኩንታል ሩዝ የሚቀር ነው። ትርፉ ብዙ አይደለም፤ ጉልበቱም አለ። ነገር ግን ያ 10 ኩንታል ገለፈት ቦያችንን ከሚደፍነው፣ ልጆቻችንንም ከሚያስለው ላይ የተቀነሰ ነው። ይህንንም በሂሳብ ውስጥ አስገቡት።

ቦዩ ለምን እንደሚያስፈልገን መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራን ሲያጥለቀልቁ ያየን ሰዎች ነን። መሬታችን ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ የተሠራበትንም ይዞ ይንቀሳቀሳል። በዚህ መሬት ላይ ደካማ ነገር ሠርቶ መተኛት አይቻልም።

በጥያቄ ጊዜ አንድ አባታችን ተነሥተው «ልጆቼ፣ አያቶቻችን ጭቃ ውስጥ የጤፍ ጭድ ይጨምሩ ነበር፤ የጤፉ ጭድ አመድስ አይሆንም ወይ?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ጥሩ ነው። የጤፍ ጭድ አመድም ሲሊካ አለበት። ነገር ግን ጭድ የከብታችን ቀለብና የጭቃ ቤታችን ማያያዣ ነው። የሚበላውን አቃጥለን የማይበላ ነገር አንሠራም። ገለፈትን የመረጥነው ሌላ ፈላጊ ስለሌለው ነው።

ኮሚቴው ያቀረበውና ጉባኤው እጅ አውጥቶ የተቀበለው

1ኛ/ የፈረሰው የመፀዳጃ ክዳን ከክረምቱ በፊት ያለ አመድ፣ በሙሉ ሲሚንቶና በፌሮ እንደገና ይሠራል። የሚሠራውም ያው ግንበኛ ነው፤ የእጁ ዋጋ ይከፈለዋል። የተጎዱት እናታችን የሕክምና ወጪ ከማኅበሩ ገንዘብ ይተካል።

2ኛ/ የምድጃ አመድም ሆነ የመንገድ ዳር ክምር አመድ በማኅበሩ ማንኛውም ሥራ ላይ አይገባም።

3ኛ/ የበርሚሉ አመድ ቢሆንም በክዳን፣ በአምድ፣ በበርና በመስኮት ላይ በሚያርፍ አርማታ፣ ሰው በሚቆምበትና ሰው ላይ ሊወድቅ በሚችል ነገር ሁሉ ላይ አይገባም። የሚሞከረው በቦዩ ጎንና ጎን ልስን ላይ ብቻ ነው።

4ኛ/ ልኩ በሚዛን ነው፤ 45 ኪሎ ኦፒሲ ሲሚንቶ ከ5 ኪሎ አመድ ጋር በደረቁ በደንብ ከተቀላቀለ በኋላ ውሃ ይገባበታል። ውሃውን የሚወስነው ግንበኛው ነው፤ ኮሚቴው ጣልቃ አይገባም። ከዚያ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣል። ተራው በየቤቱ ይወጣል።

5ኛ/ ሥራው ከመጀመሩ በፊት አመድ ያለበትና የሌለበት ናሙና ተሠርቶ ባሕር ዳር ባለ የግንባታ ዕቃ መፈተሻ ላቦራቶሪ ይፈተሻል። ውጤቱ ጥሩም ይሁን መጥፎ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። መጥፎ ከሆነ ነገሩ በዚያው ይቀራል።

6ኛ/ በግላቸው አመድ የገባበት ብሎኬት ሠርተው የሚሸጡ ልጆቻችን አሉ። ሥራ መፍጠራቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ለገዢው «አመድ አለበት» ብለው መናገር ግዴታቸው ነው። ሳይናገር ሲሸጥ የተገኘ ማኅበሩ አይከላከልለትም።

7ኛ/ በመኖሪያ ቤት አጠገብ ገለፈት ማቃጠል ከዛሬ ጀምሮ አይፈቀድም። በርሚሉ ያለበት ቦታ ተወስኗል።

የተከበራችሁ አባላት፤

«አመድ በዱቄት ይስቃል» ይባላል። ባለፈው ዓመት እኛም ሳናውቅ እንደምናውቅ ሆነን በሚያውቀው ሰው ላይ ስቀን ነበር። ግንበኛው አመዱን በጣቱ አሽቶ ያወቀውን እኛ ለማወቅ አንድ ክረምትና የአንዲት እናት እግር ፈጅቶብናል። ከዚህ በኋላ የሰፈራችን ደንብ ይህ ይሁን፤ የሚሠራው ሰው «አይይዝም» ሲል ሥራው ይቁም፣ ይጠየቅ፣ ይሞከር። ሞክረን የያዘውን እንሠራበታለን፣ ያልያዘውን እንጥለዋለን።

የበርሚሉ ተረኞች ስም ከዚህ ጽሑፍ ቀጥሎ ተለጥፏል። ቅዳሜ ጧት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሚዛን ያለው ሰው ሚዛኑን፣ ጆንያ ያለው ጆንያውን ይዞ እንዲገኝ እንጠይቃለን። አፍ መሸፈኛ ጨርቅ ሳይዝ የሚመጣ ሰው ግን ከሥራው እንመልሰዋለን።



የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው